ሰው ያለበት ቤት

ወንድሟ የቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ ሲያወጣ መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ክርኗ ከወገቧ አልተለየም። መዳፏ ግን ወደ ላይ ተከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ቁልፉ በፊቷ አልፎ የሚስቱ ታናሽ እህት እጅ ገባ። መጋረጃ ሰፊዋ መዳፏን ገልብጣ የቀሚሷን እጥፋት አስተካከለች።

«እታለም፣ አንቺም እስቲ አንዴ እንኳን ዕረፊ» አላት ወንድሟ ሻንጣውን እያነሳ።

ዕረፍት የሚሄደው እሱ ነበር። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል። ዕድሜውን በሙሉ ሰው ወደ ሐይቁ ሲያመላልስ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳን እግሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ አያውቅም፤ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ባለፈው ዓመት ያገባት ፋርማሲስት ቲኬት ቆረጠችለት። በተሳፋሪ ወንበር ሊሄድ ነው።

«ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ስረግጥ እንዳልውል እንጂ» ብሎ ሳቀ።

ቁልፉን የተቀበለችው ልጅ ፀጉር ሠሪ ናት። ከመናገሯ በፊት ትስቃለች፤ ከተናገረች በኋላም ትስቃለች። «አይዟችሁ፣ ዝንብ አላስገባም!» አለች።

ሾፌሩ ከበሩ ኋላ አንድ ጥንድ አሮጌ ጥቁር ጫማ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሁሉም በላይ እነዚህን። ደጃፉ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፤ በየቀኑም ትንሽ ታንቀሳቅሻቸዋለሽ። የሚያይ ሰው ‹ውስጥ ወንድ አለ› ይላል። ሸሚዝም ገመድ ላይ ጣል አድርጊ። እናታችን ቤቱን ጥላ ስትወጣ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«ውይ፣ ብልህ ነበሩ በሉኛ!»

«በጣም እንጂ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ከሁለቱ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ነበር። «እናታችን» ሲል ወደ እሷ ዞሮ ያያል ብላ ጠበቀች። አልዞረም።

አባታቸው ከሞተ በኋላ እናታቸው በሆስፒታል ልብስ ታጥብ ነበር። የሌሊት ተራ ሲደርሳት ሁለቱን ልጆች ቤት ውስጥ ቆልፋባቸው ትሄዳለች። ጫማዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው የገዛችው፤ ማንም የቤቱ ወንድ እግሩን ያላስገባባቸው፣ ትልልቅ፣ አፍንጫቸው የተላጠ ጫማዎች ነበሩ። እነሱን በጨርቅ መወልወል የሴት ልጇ ሥራ ነበር። ወንዱ ልጅ ትንሽ ስለነበር ይፈራቸዋል፤ «እታለም፣ ሰውየው ዛሬ ይመጣል?» እያለ ጉያዋ ይገባል። ይህን ነገር ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መጋረጃ ሰፊዋ ለባሏ እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገረችውም ነበር።

አሁን ፀጉር ሠሪዋ አወቀችው። በሩ ላይ በቆመችበት፣ ማስቲካ እያኘከች።

መጋረጃ ሰፊዋ በወንድሟ ቤት በኩል ላለማለፍ ወሰነች። የልብስ ስፌት ሱቋ ከወንድሟ ቤት ብዙ አይርቅም፤ ወደ ቤቷ የሚወስደው ግን ሌላ መንገድ ነው። በማግስቱ ክር ጎደለኝ ብላ ወጣች። ክር ሻጩ ያለው በታችኛው በኩል ነበር፤ እሷ በላይኛው በኩል ሄደች።

በግቢው በር ፍርግርግ አሻግራ አየች። ጫማዎቹ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ጎን ለጎን፣ ተረከዝ ለተረከዝ፣ አፍንጫቸው ወደ መንገዱ፣ ሱቅ መስኮት ላይ እንደተደረደሩ። ገመዱ ላይ የሾፌሩ ሰማያዊ ሸሚዝ በትከሻው ተሰቅሏል። የሳሎኑ መስኮት ላይ፣ እሷ ራሷ በጥንቃቄ የሰፋችው መጋረጃ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ነው እንግዲህ!» አለች ለራሷ።

ሰው ያለበት ቤት እንዲህ አይደለም። ደክሞት የገባ ወንድ ጫማውን አያሰልፍም፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ይወረውራል። እናቷ ሁልጊዜ የግራውን በእግሯ ገፋ አድርጋ በጎኑ ታስተኛው ነበር። ሸሚዝም ቢሆን በጫፉ ነው የሚሰቀለው፣ እጅጌው ወደ መሬት ተዘርግቶ፤ የመቆንጠጫ ምልክት ትከሻ ላይ እንዳይቀር። የሆስፒታል አጣቢዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰቅሉት። ይህን ወንድሟ ለልጅቷ አልነገራትም፤ ወይም ነግሯት አልሰማችም። ማስቲካ ጆሮ ይደፍናል።

የቤቱ በር ቁልፍ ከሠርጉ በኋላ ተቀይሯል። የግቢው በር ግን ያው የድሮው፣ የእናታቸው ጊዜ ነበር፤ ቁልፉም ከሱቋ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ኖሯል። መልሽ ያላት የለም። እንዳላት ያስታወሰም የለም።

ከፍታ ገባች። የግራውን ጫማ በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋ አስተኛችው። ከዚያ ወደኋላ ሸሸት ብላ አየችውና ልቧ ረጋ አለ። ቆልፋ ወጣች። ክሩን ረስታው ሱቋ ገባች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ስትመለስ ጫማዎቹ እንደገና ተሰልፈዋል። ፀጉር ሠሪዋ ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊትና ማታ ስትወጣ ብቅ እንደምትል ታውቃለች። በዚያ ላይ ዛሬ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ሰው በሌለበት ሳሎን አንድ ሰውዬ ስለ እግር ኳስ ይጮኻል። መጋረጃ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ቆማ አዳመጠች። ሬዲዮው እንኳን ውስጥ ነው፤ እሷ ግን ደጅ።

ጫማውን በጎኑ አስተኛችው። ሸሚዙን አውርዳ፣ አራግፋ፣ በጫፉ ሰቀለችው። ከውጭው ቧንቧ አንድ ጣሳ ውኃ ቀድታ፣ የታጠበ እንዲመስል ደረጃው ላይ ደፋች።

ከሱቋ አጠገብ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥ ጡረተኛ ፖስተኛ አለ። ደብዳቤ ማደል ካቆመ ወዲህ ወሬ ያድላል።

«እሜቴ፣ ከየት ነው እንዲህ በሩጫ?»

«ከክር ቤት።»

«ክሩስ?»

«አልቋል አሉኝ።»

«አይ ዘመን፣ ክርም አለቀ!» ፖስተኛው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «ወንድምሽ ሐይቅ ሄደ አሉ። ቤቱን ያቺ ሳቂታዋ ልጅ ናት አሉ የምትጠብቀው። እኔ ደግሞ ‹እህቱ እያለች?› አልኩ። ሌላ ነገር አላልኩም።»

«እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሥራ በዝቶብኝ።»

«እሱማ አዎ» አለ ፖስተኛው ባዶውን ሱቅ እያየ። «ሥራ መቼ ያስቀምጥሻል።»

ገብታ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሙሉ ጠርዝ ከሰፋች በኋላ መርፌው ውስጥ ክር እንዳልነበረ አየች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የየቀን ሥራዋ ሆነ። ፀጉር ሠሪዋ ታሰልፋለች፣ እሷ ታፈርሳለች። ያቺ በትከሻው ትሰቅላለች፣ እሷ ትዘቀዝቃለች። አንድ ቀን ጫማዎቹ አጠገብ ልጅቷ የጨመረችውን የሴት ነጠላ ጫማ አገኘች፤ ሮዝ፣ አበባ ያለበት። የራሷ መሆን አለበት። መጋረጃ ሰፊዋ ያንን አንስታ ከቁጥቋጦው ኋላ ወረወረችው። ይህ የቤት ጥበቃ እንዳልነበር ያወቀችው ከወረወረችው በኋላ ነው። ግን ተመልሳ አላነሳችውም።

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት ሙሽራ መጋረጃ እየለካች ሳለ ነው። ወንድሟ ነበር። ከኋላው ነፋስና ውኃ ይሰማል።

«እታለም፣ እንዳትደነግጪ። ግቢያችን ሌባ እየገባ ነው።»

«ሌባ?»

«ቀን ቀን ነው የሚገባው። የግቢው በር እንደተቆለፈ ነው፤ በአጥር ይዘላል ማለት ነው። ጫማዬን ያንቀሳቅሳል። ሸሚዜን ዘቅዝቆ ይሰቅላል። ትናንት ደግሞ የልጅቷን ጫማ ወሰደ። ሴት ብቻዋን እንደምትመላለስ አውቋል፤ ሊያስፈራራት ነው። እንቅልፍ አጥታለች። አሁን ሥራዋን ትታ እኛ ቤት ናት፣ በሩን ዘግታ ትንቀጠቀጣለች።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። ሙሽራዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ያልሰማች መሰለች።

«እኛ ዕቃ እየሸከፍን ነው» አለ ወንድሟ። «የማታው አውቶቡስ ላይ ቦታ አግኝተናል። እስክንደርስ አንቺ እሷ ዘንድ ሂጂልኝ። ከመጀመሪያውም ላንቺ ነበር መስጠት የነበረብኝ። ካንቺ በቀር ማን አለኝ፣ እታለም?»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ጊዜ ጠብቃታለች! ከሠርጉ ቀን ጀምሮ። አሁን የመጣችው በሌባ ሰበብ ነው።

«እሄዳለሁ» አለች። «አታስብ።»

ሙሽራዋን ነገ ተመለሺ ብላ ሱቁን ዘጋች። መንገዱን የሄደችው ቀጥ ብላ ነው፣ በላይኛው በኩል፣ ሰበብ ሳያስፈልጋት። ሌባ የለም። ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች ወንድሟ ነገ ይገባል፤ ቁልፉን ከልጅቷ ተቀብሎ በገዛ እጁ ይሰጣታል፤ ሌባውም በዚያው ቀን ይጠፋል። የሚጎዳ ሰው አልታያት አለ።

የግቢውን በር በቁልፏ ከፍታ ገባችና የቤቱን በር አንኳኳች።

«ማነው? ባለቤቴን ልጥራው እንዴ?» አለ ከውስጥ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፤ ያላገባች ልጅ ነበረች።

«እኔ ነኝ። እህቱ።»

በሩ ተከፈተ። ፀጉር ሠሪዋ በአንድ እጇ የፀጉር መቀስ፣ በሌላው እጇ ትልቅ ፀጉር ማድረቂያ ይዛለች። ማድረቂያው ገመዱ መሬት ይጎተታል።

«በዚህ ምን ልታደርጊው ነበር? ልታደርቂው?»

«እትዬ፣ አይሳቁብኝ፤ ነፍሴ ወጥታለች!» አለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። የሻምፖ ሽታ አላት። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ በሩን ልዝጋው።»

ገባች። ከሠርጉ ወዲህ ባለቤቶቹ ሳይኖሩ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ሬዲዮው አሁንም ይለፈልፋል። ዓይኗ የሄደው መጋረጃው ላይ ነው፤ አንዱ ቀለበት ከዘንጉ ወልቋል። ለዚህ ነው ግማሹ የተንጠለጠለው። ልጅቷ ስትጎትት ነው ያወለቀችው።

«ጫማውን ማንቀሳቀሱን ምንም አልልም» አለች ፀጉር ሠሪዋ እጇን እያፋተገች። «ሸሚዙ ነው ያስፈራኝ። አንዲት ደንበኛዬ ስነግራት ‹ልብስ ዘቅዝቀው ከሰቀሉ ምልክት ነው፤ ለጓደኞቻቸው ቤቱ ባዶ ነው ማለታቸው ነው› አለችኝ።»

«ማናት እሷ?»

«ፀጉሯን ልታደርቅ ካስክ ውስጥ ነበረች፤ ጮኻ ነው የነገረችኝ። ሁሉም ሰማ።»

«ሸሚዝ በጫፉ ነው የሚሰቀለው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፤ አንደበቷ ቀደማት። «እንዲህ ከሆነ ሌባው ከደንበኛሽ ይሻላል።»

ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ስልኳ ጮኸ። መጋረጃ ሰፊዋም እንድትሰማ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እህቴ መጥታለች?» አለ ሾፌሩ።

«እትዬ እዚሁ ናቸው፣ አጠገቤ።»

«ተመስገን። እንግዲህ ሻንጣውን አውርደናል፣ ታክሲ እየጠበቅን ነው። እታለም፣ እንዳትለያት።»

ከኋላው የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ ለነሱ ሳይሆን ለእሱ የተናገረችው ነው፣ ቀስ ብላ። «ሱሪህን ጠምዝዘው እንጂ፤ ውኃው ሻንጣውን ያበሰብሰዋል። እስከ ጉልበትህ ገብተህ ነበር እኮ። ይሁን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እስከ ወገብህ ትገባለህ።» ቅሬታ አልነበረበትም። ለሕፃን እንደሚነገር ነው ያለችው። ወንድሟም በቀስታ ሳቀ።

መጋረጃ ሰፊዋ ዓይኗን ከስልኩ አነሳች። እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። በእሷ ዘንድ የሚስቀው ሳቅ ሌላ ነው፤ ትንሽ የሚጠነቀቅ። ለአፍታ፣ ይምጣ፣ ይመለስ፣ ሱሪውም ይበስብስ አለች በልቧ። ከዚያ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ የቆመ፣ ሱሪውን የጠቀለለ፣ ጎማ የሚመታበትን እግሩን የሚያይ ትልቅ ሰው ታያት። ዕድሜውን ሁሉ እዚያ ደርሶ ሲመለስ የኖረ ሰው።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ታክሲውን መልሰው» አለች።

«ምን?»

«ሌባ የለም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ጫማውን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሸሚዙንም። የልጅቷ ጫማ ከቁጥቋጦው ኋላ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ማስቲካው ምላሷ ላይ ታየ።

«በምን ገባሽ?» አለ ወንድሟ።

«በእናታችን ቁልፍ። የግቢውን በር መቼ ቀየርከው?»

«እና ለምን ቁልፉን አልጠየቅሽኝም፣ እታለም?»

«ለምን አልሰጠኸኝም?»

ወንድሟ ተነፈሰ። «ሚስቴ ‹እህቴ ትያዘው› አለችኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምንም የለበትም። በቁልፍ ልጣላ?»

ሌላ ምንም የለበትም። ስለ እሷ አስቦ፣ አመዛዝኖ፣ ከብዶት ነው ብላ ስታምን ኖራለች። ጭራሽ አላሰበበትም። ይህ ይሻላል ወይ ይብሳል፣ ለመለየት ጊዜ አልነበራትም፤ ከኋላ ሚስቱ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች፣ እሱም ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ሲነግራት ይሰማል፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ፈነዱ። ያው ሳቅ ነበር። አሁን በእሷ ላይ።

«እትዬ፣ ምንም አይደል» አለች ፋርማሲስቷ ስልኩን ተቀብላ፣ ሳቋን እየዋጠች። «እኛ ውኃው ውስጥ ተመልሰን እንገባለን። እናመሰግናለን።»

ስልኩ ተዘጋ። ሬዲዮው ስለ አየር ሁኔታ ይናገር ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሄዳ አጠፋችው።

«እትዬ» አለች፤ እሷን እንደምትጠራ ሳይሆን ክስ እንደምታነብ። «ሌባው ይከተለኛል ብዬ ሁለት ሌሊት በቤቴ በር ላይ ወንበር ደግፌ አድሬያለሁ። የደንበኛ ፀጉር አቃጥያለሁ። እርስዎ ግን በምሳ ሰዓትዎ እየመጡ ጫማ ይገለብጣሉ?»

«አሰላለፍሽ አበሳጨኝ።»

«አሰላለፌ!»

«ሰው ያለበት አይመስልም። የሞተ ሰው ጫማ ነው የመሰለው።»

«ሮዙ ጫማዬስ? እሱም የሞተ መሰለዎት?»

መጋረጃ ሰፊዋ ወለሉን አየች። «እሱ በቅናት ነው» አለች።

ልጅቷ ሳቀች፣ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ከፍርሃቱ የተረፈው በዚያ ወጣ። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋችው። «ይውሰዱት፤ በናትዎ። እኔ የምመጣው በሁለት ታክሲ ነው። እርስዎ እንደሆነ ጎረቤት ነዎት።»

ቁልፉ በጣቶቿ ጫፍ ሥር ነበር። ልትወስደው ትችል ነበር። ግን ይህ ወንድሟ የሰጣት አልነበረም፤ የሰለቻት ልጅ የሰጠቻት ነበር። መለሰችው።

«ለአንቺ ነው የሰጠው።»

«እሺ፣ እንግዲያው ያሳዩኝ። እንዲህ ከምንሻማ።»

አሳየቻት። ወንበር ላይ ቆማ የወለቀውን ቀለበት ዘንጉ ላይ መለሰችና መጋረጃው ሳይጎተት እንዴት እንደሚከፈት አሳየቻት። ሸሚዙ እንዴት እንደሚሰቀል ነገረቻት፤ ልጅቷም አንዴ ሰምታ ያዘችው። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ይህም አላስደሰታትም። ጫማው ጋ ሲደርሱ ፀጉር ሠሪዋ የግራውን ገፋ አድርጋ በጎኑ አስተኛችው፤ ልክ እንደ እናቷ፣ ገና በመጀመሪያው ሙከራ። መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ነገር ከእጇ የወደቀባት ያህል ጎንበስ አለች።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለች፤ ቃሉ በጥርሷ መሃል አለፈ።

ልጅቷ ከቁጥቋጦው ኋላ ሮዝ ጫማዋን አወጣች፣ አፈሩን አራገፈች፣ መልሳ ደጃፉ ላይ አኖረችው። መጋረጃ ሰፊዋ አልነካችውም። ከዚያ ለመውጣት ተነሡ።

እናታቸው አንድ ሌላ ነገር ነበራት። ቀን ቀን ሦስቱም አብረው ሲወጡ፣ በሩን ቆልፋ፣ እጇን መያዣው ላይ እንዳኖረች፣ አላፊ አግዳሚ እንዲሰማ ወደ ባዶው ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጣራለች፦ «ምሳህ ድስት ውስጥ ነው፤ ሲርብህ ብላ!» ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ይስቃሉ። አንድ ቀን ወንድሟ «እማዬ፣ ማነው ውስጥ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። «እንጃ» አለች እናታቸው፤ «ማንም ቢሆን ግን ይርበዋል።»

ፀጉር ሠሪዋ በሩን ሳበች። ቁልፉን አስገብታ አዞረች፤ አንዴ፣ ደግማ። መጋረጃ ሰፊዋ ከኋላዋ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ መያዣውን ጫን አድርጋ መዘጋቱን አረጋገጠች። አሁን አፏን ትከፍታለች።

ከፈተች። «ወይ ጉድ፣ ታክሲ ሰልፍ ይጠብቀኛል» አለችና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።

ሌላ ቃል አልነበረም። ወንድሟ የእናታቸውን ጥሪ አልነገራትም ማለት ነው። ጫማውን ሰጥቷታል፣ ሸሚዙን ሰጥቷታል፤ ይህን ግን፣ አስቦበትም ይሁን ረስቶት፣ አልሰጣትም።

«ምነው እትዬ፣ የረሳነው ነገር አለ?»

«የለም» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ፊቷን እንዳታይባት ልጅቷን አስቀደመቻትና የግቢውን በር በራሷ ቁልፍ ቆለፈች።